አራተኛው ወታደር

ወንዱ አልበቃ ቢል ጢም ለጠፉብኝ፤
ጋሽ አንሙት በሙጫ ከንፈሬን ይዞ፣ "ዝም በይ" እያለኝ።
የፍየል ጠጉር ነው፤ ይበላል፣ ይሸታል፤
"ወታደር አይታከክም፣" አለኝ፣ "ይታገሣል።"

ውሎዬ ወፍጮ ቤት፤ ሞተር እያገሣ
"የማነው ይህ ጤፍ? ማን ነው የሚያነሣ?"
ስል አሥራ ሰባት ዓመት ጉሮሮዬ ሰፋ፤
ሹክሹክታ የሚባል ከደጄ ጠፋ።

ንጉሡ አለኸኝ ነው፣ ጎማ የሚለጥፍ፤
ግራሶ ያለው ጣቱ ዘውዱ ላይ ሲያርፍ
አሻራ ይተዋል።
የታንኳ ቀዛፊው ልጅ፣ ንጉሡን ያስለቀሰች፣
ያሻረግ ናት፤ ከገቢዎች ቢሮ ወጥታ የመጣች፤
ደረሰኝ በለመደ እጇ ልቧን ይዛ "ወዮ ፍቅር" ስትል፣
ግማሹ ታዳሚ ኪሱን ይዳብሳል፣ ውዝፍ ያለበት ይመስል።

ድራማው የጥንት ነው፤ ሙሉው በዜማ ነው፤
ሰው እንኳ ሲሞት ዘፍኖ ነው የሚሞተው።
ጋሽ አንሙት በጎረምሳነቱ አዲሳባ አይቶት፣
ጽሑፉ ቢጠፋ ከአንድ ጡረተኛ ክራር መቺ በቃል ለቅሞት፣
ሁለት ገቢር አገኘ። ሦስተኛውን ግን የሚያስታውሰው የለም፤
ንጉሡ ያግባት፣ ወንዝ ይውሰዳት፣ እኛም አናውቅም።

አራት ወታደሮች ከኋላ ቆመን
ሥራችን አዝማች ነው፤ ሌሎች ሲያወጡ እኛ ተቀብለን።
(ድሮ አዝማች ሲባል ጦር የሚመራ ነው፤
የኛ ግን ሁለት መስመር፣ ያንኑ መመለስ ነው።)
ቅር ብሎን ሲያየን ጋሽ አንሙት፣ "ንጉሥ ይሳሳታል፤
ልጅቱም ትረሳለች፤ አዝማች ግን ይመለሳል።
የከተማችሁን ስም አትርሱት፣" አለን፣
"ፊት የሚቆም ሞልቷል፤ ከኋላ ነው ደጀን።"

ይህን ብሎ ደግሞ ወደኔ ዞሮ፦
"ቀስ በይ፣ አትጠገብ፤ አንቺ ብቻ አይደለም፤
ሦስቱን ወታደሮች ፈጭተሻቸው የለም?"
እኔም ቀስ ማለትን ማታ ቤቴ ገብቼ
ትራስ ውስጥ ተለማመድኩ፣ ጎረቤት ፈርቼ።

ቅዳሜ ለት ነው። የወረዳው አዳራሽ እስከ በሩ ሞልቶ፣
ገበያተኛው ሳይቀር አህያውን ውጭ አስሮ ገብቶ፣
ሁለተኛው ገቢር ሊያልቅ፣
ንጉሡ ተንበርክኮ ሊጠይቃት ሲል፣
መብራት ድርግም አለ፤ ኦርጋኑም ክልትው፣ ከቃል መሀል።
ዝም። አንድ ሕፃን አለቀሰ። አንድ ሰው ሣቀ።
አለኸኝ ግጥሙ ጠፋው፤ ጉልበቱ ላይ እንዳለ ጠበቀ።

በስተውጭ በአስፋልቱ፣ እንደ እግዜር ቁጣ፣
አንድ ተሳቢ ከዓባይ በረሃ እያማጠ ወጣ፤
የአዳራሹ ቆርቆሮ ከዳር ዳር ተንጣጣ፤
እኔም ሞተር ስሰማ፣ ልማድ ነው፣ ድምፄ ሳይጠራ መጣ፦

"ጌታዬ ተመለስ፣ ሞልቷል አያሻግርም፤
ወንዝ ሲሄድ ያድራል እንጂ ሄዶ ሄዶ አይቀርም።"

አንዴ ብቻዬን አልኩት። ሁለተኛ ሦስቱ ተከተሉኝ።
ሦስተኛ ከጨለማው፣ ማን ማን እንደሆኑ እንጃ፣ መለሱልኝ።
ጢሜ ግማሹ ወልቆ አፌ ውስጥ ገባ፤
ፍየል እያኘክሁ ዘለቅሁት፣ ዓይኔ እስኪያነባ።

መብራቱ ሲመጣ ንጉሡ አልተነሣም።
"አገባት ወይ?" አለ አንዱ ከኋላ፤ የመለሰለት የለም።
ጋሽ አንሙት መጋረጃው ውስጥ ያልቅስ ያነጥስ አልለየሁም፤
"ቀስ በይ" ግን አላለኝም።

ሰኞ ወፍጮ ቤት ነኝ፤ ጢሜን ተላጭቼ፣
ሙጫው ያቀላውን በዱቄት ቀብቼ።
አንዲት እናት ከገጠር ገብሷን አውርዳ
ዓይን ዓይኔን ታየኛለች፣ አንዴ እንደ ዘመድ፣ አንዴ እንደ ባዳ።
"ያ ጢማሙ ወታደር፣ በጨለማ የጮኸው፣
ወንድምሽ ነው?" አለችኝ፤ "ቁርጥ ያንቺ ድምፅ ነው።"
"አዎ" አልኋት። "እሰይ፣ ይባረክ። ለመሆኑ፣ ሚስት አለው?"

ሞተሩን አስነሣሁት።